መሪ ሲዞር ፓራፋንጎ የሚነካ የፒክአፕ ጎማ፦ በምን ልክ ተስተካከለ

ፒክአፑ በ265/65 አር 17 ፋንታ 285/70 አር 17 ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን) ጎማ ታስሮለት፣ መሪው ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይታከክ ነበር። ፕላስቲኩ ላይ የጎማው ጥርስ የፋቀው ቦታ በግልጽ ይታያል።

ምክንያቱ ስሌቱ ውስጥ አለ። 265 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ጎኑ 265 × 0.65 = 172 ሚሜ፤ የዚህ እጥፍ ላይ 17 × 25.4 ሲደመር ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሜ ይመጣል። 285/70ው ግን 831 ሚሜ ነው፤ 7 በመቶ ይበልጣል፣ ወደ ጎንም 20 ሚሜ ይሰፋል።

መፍትሔው 265/70 አር 17 ሆነ፤ ቁመቱ 803 ሚሜ። ስፋቱ ስላልተለወጠ በዚያው ቸርኬ ገባ፣ መኪናው 13 ሚሜ ያህል ከፍ አለ፣ መታከኩም ቀረ። ፍተሻው ባዶውን ብቻ ሳይሆን ጭነት ተጭኖም፣ መሪው ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ ዞሮ መሆን አለበት። የፍጥነት መለኪያው ከቀድሞው 3.3 በመቶ ያህል ያሳንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው የጭነት ቁጥር ነው፤ 112 ማለት በአንድ ጎማ 1120 ኪሎ ነው፣ ከፋብሪካው ማነስ የለበትም። ስኮርታውም በዚሁ ልክ ይቀየር፤ ቁመቱ የተለየ ጎማ ታስሮ መኪናው ፎር ባይ ፎር ሲገባ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ጥርስ) ያስጨንቃል።