ኖዝል ያለው ፕሮፔለር ሲጮህና ሲንቀጠቀጥ፦ ችግርና መፍትሄ

በጎታች መርከቦች ፕሮፔለር ዙሪያ ያለው ወፍራም የብረት ቀለበት ኖዝል ይባላል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮርት ስላስፋፋው ኮርት ኖዝልም ይሉታል። መርከቡ ቆሞ ሲጎትት ከጠቅላላው ጉልበት ግማሽ የሚጠጋው ከዚህ ቀለበት ሊመጣ ይችላል። ችግር ሲፈጠር ግን ብዙ ሰው ሞተሩን ለመፍታት ይሮጣል። በክንፉ ጫፍና በኖዝሉ መካከል ያለውን ክፍተት መጀመሪያ እዩት።

ጠጠር የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ፣ የቀነሰ ጉልበት

የክንፉ አንዱ ገጽ ውሃውን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ውሃው በጫፉ ክፍተት ሾልኮ ያልፍና ይጠቀለላል። የሽክርክሪቱ መሃል ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ ኖዝሉ ግድግዳ ላይ ሲፈነዱ ብረቱን ይቦረቡራሉ። ጉዳቱን የምታገኙት ልክ ክንፎቹ በሚዞሩበት መስመር ላይ ነው።

ሞተሩ ተቆልፎ ክፍተቱ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይለካ። የአምራቹ ቁጥር ይቀድማል፤ በተለምዶ ግን ከዲያሜትሩ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ለ2 ሜትር ፕሮፔለር 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማለት ነው።

ዙሪያውን እኩል ሰፍቶ ከሆነ የክንፉ ጫፍ ተበልቷል። በብየዳ ተሞልቶ ሚዛኑ ይስተካከል፣ ካልሆነም ይቀየር። ከታች ጠብቦ ከላይ ከሰፋ ግን ኩሽኔታው አልቆ ሻፍቱ ወርዷል። እዚህ ላይ ክንፉን ሞርዶ መገላገል የሚወዱ አሉ። መነካካቱ ይቆማል፣ ሽክርክሪቱ ግን ይብስበታል። ኩሽኔታውን ቀይሩ።

የተቦረቦረው ግድግዳ በስቴንለስ ስቲል ይሞላል። ከብረቱ በፊት እንዲበሉ የሚለጠፉትን ዚንኮችም አትርሱ፤ ባሕር ውሃ ውስጥ ስቴንለስ አጠገቡ ያለውን ተራ ብረት ያስበላል።

ከዙሩ ጋር የሚጨምር ንዝረት

ሒሳብ ይቅደም። በደቂቃ 300 ዙር የሚዞር ባለ 4 ክንፍ ፕሮፔለር በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል፤ ክንፎቹ ደግሞ በአንድ ቦታ 20 ጊዜ ያልፋሉ። ንዝረቱ በሰከንድ 5 ጊዜ ከሆነ የታጠፈ ወይም ሚዛኑ የተዛባ ክንፍ ፈልጉ። 20 ከሆነ ወደ ኖዝሉ የሚገባው ውሃ እኩል አይደለም። ከመርከቡ ሆድ ኋላ ያለው ውሃ ቀርፋፋ ስለሆነ ትንሽ ንዝረት ይጠበቃል። በድንገት ከጨመረ ግን ኖዝሉ አፍ ላይ ገመድ፣ መረብ ወይም ፕላስቲክ ሳይኖር አይቀርም።

ዙሩ በድንገት ሲሮጥ፣ ጉልበቱ ሲጠፋ

አየር ገብቷል። መርከቡ ባዶ ሲሆን ወይም ማዕበል ሲኖር ሽክርክሪቱ ከውሃው ወለል አየር ይስባል። ዙር ቀንሱ፣ ከኋላ ባላስት (መርከቡን ወደ ታች የሚያሰምጥ ክብደት) ጨምሩ። አየር ሳይገባ ከበላይ ካለው የመርከቡ ሆድ አልፎ አልፎ ኃይለኛ ምት ከተሰማ ሽክርክሪቱ ከሆዱ ጋር ተያይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ከፕሮፔለሩ በላይ ቁመታዊ ላሜራ መበየድ ሽክርክሪቱን ይሰብረዋል።

ባዶውን ሲሄድ የማይፈጥን መርከብ

ይሄ ብልሽት አይደለም። ከ10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር) ገደማ በላይ ኖዝሉ ከሚሰጠው ይልቅ የሚይዘው ይበዛል። ወደ ኋላ ሲሄድ ከደከመም የኖዝሉን ዓይነት ጠይቁ፤ የተለመደው 19ኤ ለወደፊት ጉዞ የተሠራ ነው፣ ለኋላም የሚሻለው 37 ቁጥር ነው።