ማጀቢያ ሙዚቃው ጨዋታውን እንዳይውጠው፦ ጌም ማስተሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጨዋታ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል፤ መጫወትንም ማውጋትንም። ጠረጴዛ ከብቦ ለሚካሄደው የሚና ጨዋታ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ቃል አላውቅም። እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባሉ ጨዋታዎች ዳይሱም ካርታውም አጋዥ ናቸው። ዋናው ነገር የሚሆነው በአፍ ነው፤ ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ ማለትም ጌም ማስተሩ፣ ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ይመልሳሉ። ስለዚህ ሙዚቃ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወጉን ያግዛል ወይስ ይሻማዋል? ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ግጥም ያለው ዘፈን መክፈት

የምንወደውን ዘፈን ለጓደኞቻችን ማሰማት ያጓጓል። ግን ጆሮ የሚያውቀውን ቋንቋ ከሰማ ሳይከተለው አይቀርም። ጌም ማስተሩ ስለፈረሰው ግንብ ሲተርክ ዘፋኙ ስለፍቅሩ ይነግረናል፤ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ እንሰማለን። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ምረጡ። የሰው ድምፅ የግድ ካስፈለገ ከተጫዋቾቹ አንዱም የማይሰማው ቋንቋ ይሁን፤ ወይም ቃል የሌለው ዜማ።

ሁሉም የሚያውቀውን የፊልም ሙዚቃ ማጫወት

ታዋቂ የፊልም ሙዚቃ ገና ሲጀምር ሁሉም ሰው በአእምሮው ፊልሙን ያያል። እናንተ የፈጠራችሁት ንጉሥ የዚያን ፊልም ንጉሥ ፊት ይለብሳል። አንዱ የሚያስታውሰውን ንግግር ይደግማል፣ ሌላው ይስቃል፣ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ብዙም ያልተሰማ ሥራ ፈልጉ። የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ጥሩ ምንጭ ነው። ብዙው ሰው ሌላ ነገር እየሠራ እንዲሰማውና እየተደጋገመ እንዳይሰለች ታስቦ የተሠራ ነው።

ውጊያውን በሙሉ በአንድ የከበሮ ሙዚቃ ማለፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አንድ የውጊያ ዙር በታሪኩ ውስጥ 6 ሰከንድ ያህል ነው። 5 ዙር የፈጀ ውጊያ ግማሽ ደቂቃ ቆየ ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ያ ግማሽ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሰው ተራውን ይጠብቃል፣ ያስባል፣ ዳይስ ይጥላል፣ ይደምራል፣ ሕጉን ይጠይቃል። የ3 ደቂቃ ሙዚቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ጊዜ ይደጋገማል። መጀመሪያ ላይ ልብ ያስመታል፤ ቆይቶ ግን ራስ ያዞራል።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ የጉዳቱን ነጥብ በእርሳስ እየቀነሰ ነው። ከበሮው ደግሞ «ሩጥ! ሩጥ!» ይለዋል። ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው በዚህ ይጨናነቃል፤ በደንብ ያላሰበበትን ውሳኔ ይወስናል።

እኔ አሁን ውጊያን በሦስት እከፍለዋለሁ። በሩ ተሰብሮ ጠላት ሲገባ፣ ተራ ለመያዝም ዳይስ ሲጣል፣ ኃይለኛውን እከፍታለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ዝግ ወዳለ፣ ከታች ከታች ወደሚያጉረመርም ሙዚቃ እቀይራለሁ። የጠላት አለቃ ሊወድቅ ሲል፣ ወይም ከእኛ አንዱ ሲወድቅ፣ ኃይለኛው ይመለሳል። ያኔ ከበሮው አዲስ ሆኖ ይሰማል።

እየተጫወቱ ሙዚቃ ፍለጋ ስልክ ላይ ማፍጠጥ

ጌም ማስተሩ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ተጫዋቾቹም ስልካቸውን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ከባድ ነው። ቀድማችሁ አራት ወይም አምስት ፕሌይሊስት አዘጋጁ፤ አከፋፈሉ ደግሞ በቦታ ሳይሆን በስሜት ይሁን። «ጫካ» የሚል ፕሌይሊስት ብዙም አይረዳም። ያው ጫካ ቀን ሰላም ነው፣ ማታ ያስፈራል። «ሰላም»፣ «ስጋት»፣ «ውጊያ»፣ «ሐዘን» ብላችሁ ብትሰይሙ የት እንደምትነኩ እጃችሁ ራሱ ያውቃል።

ለማስታወቂያና ለሹፍል በር መክፈት

ወራት አብሮን የተጓዘ ገጸ ባሕርይ ሊሞት ነበር። የሚጫወተው ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻ ቃሉን ይናገራል። አጠገቡ ያለችው ተጫዋች ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቫዮሊኑ አለቀ። ወዲያው ማስታወቂያ ጮኸ። ልጁ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤ ያ ሰዓት ተመልሶ አልመጣም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃውን ቀድሜ ዳውንሎድ አደርጋለሁ። ሙዚቃዎቹን ያለ ቅደም ተከተል የሚያጫውተውን ሹፍል አጠፋለሁ። ከባድ ትዕይንት ሲመጣ አንዱን ሙዚቃ ብቻ እንዲደጋገም አደርጋለሁ። የስልክ ጥሪና መልእክትም እንዳይገባ እዘጋለሁ።

ድምፁን ባዶ ክፍል ውስጥ መለካት

ብቻችሁን ሆናችሁ ልክ የመሰላችሁ ድምፅ አምስት ሰው ሲያወራ ልክ አይሆንም። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ ከእናንተ በጣም የራቀውን ሰው በተለመደ ድምፃችሁ አናግሩት። «ምን አልክ?» ካለ ቀንሱ። ስፒከሩን ጠረጴዛው መሀል አታስቀምጡ፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ካለም ከሱ አርቁት። የመስማት ችግር ላለበት ሰው፣ እኛ ልብ የማንለው ሙዚቃ እንኳ ንግግሩን ሊሸፍንበት ይችላል። ጨዋታው ሳይጀመር በግል ጠይቁት። ሙዚቃ ባይኖር የሚሻለው ከሆነ ያለ ሙዚቃ ተጫወቱ።

በኢንተርኔት ሲጫወቱ በማይክራፎን ማሰማት

ብዙዎቹ የድምፅ መገናኛ አፖች ጫጫታ የሚያጠፋ ሲስተም አላቸው። ሙዚቃውንም እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይቆራርጡታል። እያንዳንዱ ተጫዋች የሙዚቃውን ሊንክ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ድምፁን እንደሚመቸው ቢያስተካክል ይሻላል።

ዝምታን መርሳት

ሦስት ሰዓት ሙሉ ያልተቋረጠ ሙዚቃ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ይሆናል፤ ማንም አይሰማውም። ከዳተኛው ይፋ ሊወጣ ሲል፣ የመቃብሩ ክዳን ሲነሳ፣ አጥፉት። ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ሳይሆን ድንገት። ሰው ቀና ይላል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የሚንከባለለው ዳይስ ብቻ ይሰማል፤ ቁጥሩ እስኪታይም ማንም አይናገርም።