ከምክር ክፍሉ ደጃፍ ወዲያ፦ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚቆምበት አግባብ

በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መስጠት በጀመርኩበት ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ተላከች። ይዛ በመጣችው ወረቀት ላይ «ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ በተደጋጋሚ ታረፍዳለች፤ ግድ የላትም» የሚል ተጽፎ ነበር። እኔም እንደተማርኩት ስለ እንቅልፏ ጠየቅኋት፤ በቀለም የተሰመረ የጥናት ፕሮግራም አዘጋጀሁላት፤ በጊዜ እንድትተኛ መከርኳት። እሷም በየቀጠሮው አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትለኝ ነበር። በአራተኛው ቀጠሮ ወረቀቱን ስትቀበለኝ መዳፏን አየሁት፤ ከጣቶቿ ሥር ያለው ቆዳ ጠንክሮ፣ በአንድ በኩል ተልጦ ነበር። «የጀሪካን ነው» አለችኝ። በሰፈራቸው ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ወደ ገበያ ስለሚወጡ ውኃ የመቅዳቱ ሥራ የእሷ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጎረቤት ቧንቧ እያመላለሰች ሌሊቱ ይጋመሳል፤ የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ ልክ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ይዘጋል።

ለሳምንታት የሰጠኋት ምክር ጥፋቱን በትሕትና እሷው ላይ መልሶ የሚጥል ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በትምህርት ቤት፣ በጤና ተቋም ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ውስጥ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ያን ያህል ሳይዘገዩ፣ የባለጉዳያቸው ጭንቀት ከሚኖርበት ሁኔታ ሲመነጭ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በቅደም ተከተል እንዲያውቁ ነው።

ሐሳቡ በሙያው ውስጥ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የምክር አገልግሎት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 የተቀበለውና በ2018 የተሻሻለው የጥብቅና፣ ማለትም ለባለጉዳይ መብት የመቆም፣ ብቃቶች ማዕቀፍ ሥራውን በሦስት ደረጃዎች ይመድበዋል፤ እነሱም የግለሰቡ፣ የትምህርት ቤቱ ወይም የማኅበረሰቡ፣ እንዲሁም የሰፊው ሕዝብና የፖሊሲ ደረጃ ናቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ደግሞ ከባለጉዳዩ ጋር ሆኖ መሥራትንና ባለጉዳዩን ወክሎ መሥራትን ይለያል። ማዕቀፉ የተጻፈው ለሌላ አገር ሥርዓት ቢሆንም ይህ የመጨረሻው ልዩነት ለእኛም ወሳኝ ነው እላለሁ። በእኛ ዘንድ የተማረ ሰው ለሌላው «ይናገርለታል» ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ሊናገር የሚችለውን ቃል ሳናውቀው ልንነጥቀው እንችላለን።

ውስጡንና ውጭውን መለየት

የመጀመሪያው ሥራ በተለመደው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ላይ ጥቂት ጥያቄዎችን መጨመር ነው። ባለጉዳዩ ከእንቅልፉ ከሚነሣበት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን በሙሉ ሰዓት በሰዓት እንዲተርክ ይጠይቁ፤ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ምግብ ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ መታወቂያ ወይም የልደት የምስክር ወረቀት እንዳለው፣ ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት ሄዶ ምን እንደተባለ ይመዝግቡ። ቀጥሎም ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ሰው ነገ ጠዋት ፍጹም ተረጋግቶ ቢነሣ ችግሩ አብሮ ይጠፋል ወይስ እንዳለ ይቆያል?

መልሱ ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ነው። በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰውንና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን ጎርፍ ያየ ወይም የሰማ ነውና ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ ብቻ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። ለዚህ ሰው የመረጋጋት ልምምድ ማስተማር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የማስጠንቀቂያ መልእክት በምን መንገድ እንደሚደርሰው፣ ቤተሰቡ በሌሊት በየት በኩል እንደሚወጣ ከቀበሌው ጋር ሳይጣራ ልምምዱ ብቻውን ቢሰጠው፣ እውነተኛውን አደጋ እንዲረሳ እንደማስተማር ይቆጠራል።

ፈቃድ፣ አደጋና ቋንቋ

ችግሩ ከውጭ መሆኑን እንዳወቁ ወዲያውኑ ስልክ አንሥተው አይደውሉ። «ልጻፍልሽ?» ከማለት በፊት «ምን ቢደረግ ትወጃለሽ? ይህ ነገር ቢታወቅ ማን ይቆጣል?» ብለው ይጠይቁ። የእኔዋ ተማሪ ስሟ እንዲነሣ ፈጽሞ አልፈለገችም፤ «እማዬን ልጇን በሌሊት ታሰማራለች ይሏታል» አለች። ትክክል ነበረች፤ እኔ ያሰብኩት ግን የጥብቅና ደብዳቤው በእሷ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ነበር። እሷ ባትከለክለኝ ኖሮ ችግሩን ከትምህርት ቤቱ ደንብ አንሥቼ በአንዲት ደካማ እናት ላይ እጭነው ነበር።

የፈቃዱ ቃል በመዝገብ ላይ ይስፈር፤ ለማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ እንደሚነገር ተለይቶ ይጻፍ። ባለጉዳዩ በማንኛውም ጊዜ ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችልም ይነገረው። በልጅ ላይ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ምስጢሩ እንደማይጠበቅ ግን አስቀድሞ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ መገለጽ አለበት። ድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት፣ ከሰዓት በኋላ በበርጫው ላይ የማይነሣ ጉዳይ የሌለባት ከተማ ናት። ስም ሳይጠቀስ «ያቺ የነጋዴዋ ልጅ» መባሉ ብቻ ምስጢርን ለመግለጥ በቂ ነው።

የቋንቋው ነገር ከፈቃዱ ተለይቶ አይታይም። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ግን ልባቸው የሚከፈተው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የሆነ ብዙ ናቸው። እናት በሶማሊኛ ስትናገር የአሥር ዓመት ልጇን አስተርጓሚ ማድረግ በየቦታው የማየው፣ ሊቆም የሚገባው ልማድ ነው። ልጁ መስማት የማይገባውን ይሰማል፤ እናቲቱም በልጇ ፊት መናገር የማትችለውን ትደብቃለች። ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ አዋቂ አስተርጓሚ ይፈለግ፤ የተዘጋጀው ደብዳቤም ከመላኩ በፊት ለባለጉዳዩ በራሱ ቋንቋ ይነበብለት።

የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ማወቅ

የምክር ባለሙያ ጠበቃ አይደለም፤ የሕግ ምክር መስጠትም የለበትም። ሆኖም ባለጉዳዩን ወደ ትክክለኛው በር ለመምራት የሚያስችለው መጠነኛ የሕግ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ እዚህ በቀጥታ ይሠራል፤ የጋብቻ ዕድሜም ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 ያስቀጣል። የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ይህን የማታውቅ ሴት ምርጫ እንዳላት ሳትረዳ ልትቀር ስለምትችል መረጃውን ማድረስ ብቻውን ትልቅ ጥብቅና ነው።

በሥራ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ለወላድ ሠራተኛም በድምሩ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለ እነሱ የሚናገረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራን ልጅ ይህን ሳያጣሩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ መላክ፣ በር ተዘግቶባት እንድትመለስና ዳግመኛ ማንንም እንዳታምን ማድረግ ነው። የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ፎቅ ላይ ወዳለ ክፍል መውጣት ካቃተው ደግሞ የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ በአንቀጽ 36 ስለ መግቢያና መተላለፊያ የሚለውን ይዞ ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር ይቻላል።

ማስረጃውና ደብዳቤው

ብዙ ቅን ባልደረቦቼ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ያዘነ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ በ«እጅግ አሳዛኝ» እና በ«አስቸኳይ ትኩረት» ይሞላል፤ ተቀባዩ ግን ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያገኝበትም። ከደብዳቤው በፊት ማስረጃው ይሰብሰብ። እኔ ያደረግኩት የማርፈጃ መዝገቡን ወስጄ፣ ስም ሳልገለብጥ፣ ቀኑን፣ ጾታቸውንና የመጡበትን ሰፈር ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። ከውኃ ፈረቃው ጋር ሳስተያየው የሚያረፍዱት በአመዛኙ ሴቶች እንደሆኑ፣ የሚያረፍዱትም ሰፈራቸው ውኃ ባገኘበት ማግሥት እንደሆነ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአንዲት ልጅ ግዴለሽነት መሆኑ ቀረ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። በመጀመሪያው አንቀጽ የታየው ነገር፣ በሁለተኛው ያስከተለው ጉዳት፣ በሦስተኛው የሚጠየቀው ነገር ይጻፍ፤ ጥያቄውም ተቀባዩ በራሱ ሥልጣን ሊፈጽመው የሚችለው ይሁን። የእኔ ደብዳቤ ዋና ዐረፍተ ነገር የሚከተለው ነበር፦ «ውኃ በፈረቃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ተማሪዎች በፈረቃው ማግሥት እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ድረስ ከክፍል ሳይታገዱ እንዲገቡ፣ ይህ የሚሠራባቸው ቀናትም ዝርዝር በየወሩ በምክር አገልግሎት ክፍሉ በኩል እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።» ውኃውን ርዕሰ መምህሩ ሊያመጡት አይችሉም፤ በሩን ግን ሊከፍቱት ይችላሉ።

ደብዳቤውን በእጅ ሰጥተው ብቻ አይመለሱ። በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ያስደርጉት፤ ቁጥርና ቀን የሰፈረበት ቅጂ በእጅዎ ይቅር፤ ግልባጭ የሚላክለትን አካልም ያስቡበት። ግልባጭ ለበላይ መላክ አንዳንድ ኃላፊዎችን ያስቀይማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ባይደረግና መልስ ሲጠፋ በሁለተኛው ላይ ቢታከል ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ከመጻፍዎ በፊት በአካል ቀርበው ቢያነጋግሩም አይከፋም፤ በእኛ አገር ሳይነገረው ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ እንደተከሰሰ ይቆጥረዋል።

ሰዎችን ማስተባበር

ችግሩ የብዙዎች ሲሆን ጥያቄውም የብዙዎች ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ የሰፈሩ እድር፣ በሐረሪዎች ዘንድ እንደ እድር ያለው አፎቻ፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁሉም ባለሙያው ብቻውን የማይደርስበት ቦታ ይደርሳሉ። የባለሙያው ድርሻ ስብሰባውን መምራት አይደለም፤ ያሰባሰበውን መረጃ አቅርቦ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ቦታ መልቀቅ ነው። እናቶቹ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሲናገሩ ከእኔ ወረቀት ይልቅ ተሰምተዋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ሽምግልና የሚከበር ሥርዓታችን ነው፤ የጎረቤት ጠብን፣ የውርስ ክርክርን ያበርዳል። በመደፈር፣ በድብደባ ወይም በልጅ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ግን የምክር ባለሙያ ተጎጂውን ወደ ሽምግልና አይመራም፤ ሌሎች ሲመሩትም ዝም አይልም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነው፤ ባለሙያውም ተጎጂዋ በየመሥሪያ ቤቱ ታሪኳን እንደ አዲስ እንዳትደግም አብሯት ሊሄድ ይገባል።

ከዚህ ከፍ ያለው፣ ሕግና ፖሊሲን የሚመለከተው ሥራ በማኅበር በኩል ቢሆን ይመረጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አግዶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ግን ያን ክልከላ አንሥቷል። ስለዚህ የምክር ባለሙያዎች ተደራጅተው፣ ስም የሌለበትን የየተቋማቸውን መረጃ አሰባስበው ለምክር ቤት ወይም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማቅረብ ይችላሉ። አስተዳደራዊ በደል ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የቅሬታ ሰሚ መንገድ ካለቀ በኋላ ጉዳዩን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መውሰድ ይቻላል።

መልሱ ከመጣ በኋላ

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘም። ሁለተኛው፣ የማካካሻ ትምህርትም የጠየቀውና ከወላጆቹ ስብሰባ በኋላ የገባው፣ የተጠየቀውን ግማሽ አስገኘ። ተማሪዎቹ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ያመለጣቸው ትምህርት የሚካካስበት ጊዜ ግን አልተሰጠም። ይህን ለልጅቷ እንዳለ ነገርኳት፤ ያልተገኘውንም አልደበቅኩባትም። ባለሙያው ውጤቱን ለባለጉዳዩ መልሶ የሚነግርበትን ቀጠሮ ሥራው ሲጀመር መያዝ አለበት፤ በሙያችን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈ ደብዳቤ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ወራት ሲያልፉ፣ የሰጠው ፈቃድ እንደተዘረፈበት ይሰማዋል።

የግል ምክሩም በዚህ ምክንያት አይቋረጥም። ልጅቷ በሩ ከተከፈተላት በኋላም «ግድ የላትም» የተባለችበት ቃል ከውስጧ አልወጣም ነበር፤ የቀሩትን ቀጠሮዎች ያዋልናቸው እሱን በማንሣት ነው። በመዝገቧ ላይ የሁለቱን ደብዳቤዎች ቁጥርና ቀን፣ የተሰጠውን መልስ፣ ያልተመለሰውን የማካካሻ ጥያቄና ጥያቄው እንደገና የሚቀርብበትን ወር ጽፌ ፋይሉን ሳልዘጋ አስቀመጥኩት።