እርሳስ ስናቀልጥ የሚገጥሙ ችግሮች፦ ከሰል፣ ቡታጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ለዓሣ መረብ ማጥለቂያ የሚሆነኝን እርሳስ የማቀልጠው ከጎሚስታ ከምገዛው አሮጌ የጎማ ባላንስ (ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ላይ ከሚገጠመው ትንሽ ክብደት) ነው። ሥራውን የሚጀምር ሰው ሁሉ «የትኛው እሳት ይበቃዋል?» ይለኛል። ሁሉም ይበቃዋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ 5 ኪሎ እርሳስ የሚፈልገው ሙቀት 1 ሊትር ውሃ ከሚያፈላው አይበልጥም። ይልቅ እሳቱን በፈለጋችሁ ሰዓት መቀነስ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ግማሽ ሰዓት አልፎም አልቀልጥ አለ

ቡታጋዝ ላይ ከሆነ ነፋስ ነው። ሥራው የግድ ደጅ ስለሚሠራ ነበልባሉ ወደ ጎን ይተኛል። ምድጃውን በጡብ ከልሉት፣ ከሥር ግን አየር ይግባ። ምድጃው ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠም ዓይነት ከሆነ አትከልሉት፤ ሲሊንደሩ ይግላል። ቱቦ ያለውን ፈልጉና ሲሊንደሩን ራቅ አድርጉት።

ሌላው ምክንያት ቁርጥራጩ የድስቱን ታች በጫፍ በጫፉ ብቻ መንካቱ ነው። ጠፍጣፋውን ከሥር አንጥፉ፣ ክዳን ግጠሙ። ታች ትንሽ ኩሬ ከያዘ በኋላ የቀረው በራሱ ይወርዳል።

ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ሽቦው ሸክላ ላይ በግልጽ የተዘረጋውን ምድጃ ጭራሽ ተዉት። ድስቱ ሽቦውን ከነካ ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል፤ የእርሳስ ጠብታም ከወደቀበት ሾርት ያደርጋል። ላዩ በብረት የተሸፈነው ለ1 እና ለ2 ኪሎ ይሆናል፣ ቀርፋፋ ቢሆንም።

ላዩ ቢጫ ወይም ሐምራዊ ሆነ፤ የገፈፍኩት ወዲያው ይመለሳል

ከመጠን በላይ ግሏል። ይህ የከሰል በሽታ ነው። ከሰል ሲራገብ ከ1000 ዲግሪ ያልፋል፣ መቀነሻ ደግሞ የለውም። ድስቱን አንስቼ ላውርድ አትበሉ፤ የቀለጠ እርሳስ ይዞ መራመድ ከሁሉም የከፋ ነው። ማራገብ አቁሙ፣ የምድጃውን በር ዝጉ፣ ፍሙን ከዳር ከዳር አመድ አልብሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ለአንድ ጀበና ቡና ከምታነዱት ብዙም ያልበለጠ ከሰል ጀምሩ። ከ500 ዲግሪ በላይ ትነቱ በፍጥነት ይጨምራል፣ የምትተነፍሱትም እሱን ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቁሙ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር አካባቢው አይድረሱ። የተገፈፈው ዱቄት ከእርሳሱ ይብሳል፤ ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ፣ በመጥረጊያ አይጠረግ።

ይፈነጥቃል፣ ይተፋል

ውሃ ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። እኔ አንድ ጊዜ ጭልፋውን አጥቤ በደንብ ሳላደርቅ ነከርኩት፤ «ጧ» ብሎ የወጣው ጠብታ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት ትቷል። ቁርጥራጩ ሁሉ ድስቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይግባ፣ በፈሳሹ ላይ አይጨመር። ጭልፋውን የድስቱ ጠርዝ ላይ አግሉት። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ።

ግራጫ ቁራጭ ይንሳፈፋል፤ ፈሳሹ እንደ ገንፎ ሆነ

የአሁኑ ባላንስ ሁሉ እርሳስ አይደለም፤ ብረትና ዚንክም አለው። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ስለሆነ እሳቱ ለስለስ ካለ ይንሳፈፋል፣ በጭልፋ ይለቀማል። «አልቀለጠም» ብላችሁ እሳት ከጨመራችሁ ግን ይቀላቀልና ሙሉ ድስቱን ያበላሻል። ከመጀመሪያው በፒንሳ ንከሱት፦ እርሳስ ይጎደጉዳል፣ ዚንክ እምቢ ይላል። ሲሚንቶ ላይ ጣሉት፦ እርሳስ «ዱብ» ይላል፣ ዚንክ ያቃጭላል።

ድስቱ ጎበጠ

ስሙ ብረት ድስት ይባል እንጂ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ እሱ ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የተራገበ ከሰል እዚያ ይደርሳል። ማግኔት የሚይዘው ወፍራም ብረት ይሁን፣ ከዚያ በኋላም ወጥ ቤት አይግባ።

ከቁራሌ የመጣ የመኪና ባትሪ ካላችሁ የትኛውም እሳት አይሆነውም። ውስጡ አሲድ ነው፣ ሳህኖቹም ሲግሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ሳትከፍቱ ለባትሪ ነጋዴ ሽጡት።