ኢኤንኤስ ላይ ስሙ የኛ ሆኖ ሬኮርዱ የድሮው ሰው ሲሆን ምን ይደረጋል

ኢኤንኤስ ማለት ረጅሙን የኢተሪየም ዋሌት አድራሻ በቀላል ስም የሚተካ አገልግሎት ነው፣ ሬኮርድ የምለው ደግሞ ስሙ ላይ የተጻፈውን አድራሻና ሊንክ ነው። ባለፈው አንድ የፖሊ ልጅ በኢቲኤች (.eth) የሚያልቅ ስሙን ለዘጌ ፎቶ ገጻችን ሰጠን፣ ስሙ ዋሌታችን ገባ፣ ከዛ አንዳችን ለሙከራ ትንሽ ኢተር (የኢተሪየም ገንዘብ) ስንልክበት ቀጥታ ወደ ልጁ ዋሌት ሄደ። ልጁ ታማኝ ስለሆነ መለሰልን፣ ግን ሁሉ ሰው እንደሱ አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፣ የስሙ ባለቤትነት ሬጂስትራር የሚባል ኮንትራክት (ብሎክቼይን ላይ ያለ ፕሮግራም) ላይ ነው፣ አድራሻውና የገጹ ሊንክ ግን ሪዞልቨር የሚባል ሌላ ኮንትራክት ላይ ነው የተጻፈው፣ ባለቤት ሲቀየር ሪዞልቨሩ ምንም አያውቅም። ቀበሌ 14 ሱቅ ተለቅቆ የድሮው ታፔላ እንደሚቀረው ማለት ነው። ባሰ ደግሞ ቶክኑ (የባለቤትነቱ ምልክት) ብቻ ከተላለፈ ማናጀሩም (ስሙን የማስተዳደር መብት ያለው አካውንት) የድሮው ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ሬኮርድ መቀየርም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማናጀሩን ወደራሳችሁ አምጡ፣ ከዛ ነው ሬኮርዱን መንካት፣ ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ። አዲሱ ፐብሊክ ሪዞልቨር የስሙን ሬኮርድ ባንዴ የሚያጠፋ ክሊር ሬኮርድስ አለው፣ በሱ አጽድታችሁ የራሳችሁን ጻፉ።

ጊዜው ያለፈበት ስምም ያው ነው፣ እንደውም ይሄኛው ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ስሙ ኤክስፓየር ቢያደርግም ሬኮርዱ መስራቱን ስለሚቀጥል ማንም አይነቃም። እኛ ጋ ኔት ሲጠፋ ማደስ ይረሳል። 90 ቀን የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከሱ በኋላ ለ21 ቀን ከ100 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ እየወረደ የሚሄድ ተጨማሪ ዋጋ ይጣልበታል፣ እሱን የከፈለ ማንም ይወስደዋል፣ ከ21 ቀኑ በኋላ ደግሞ ማንም ያለ ተጨማሪው ይወስደዋል። ለማደስ ግን ባለቤት መሆን አያስፈልግም፣ ኔት ያለው ዘመድ አዲስ አበባ ሆኖ ሊከፍልላችሁ ይችላል፣ 5 ፊደልና ከዛ በላይ ከሆነ በዓመት 5 ዶላርና የጋስ (የኔትወርኩ ክፍያ) ነው።

የድሮው ባለቤት የፈጠራቸው ሰብኔሞችስ (በስሙ ስር ያሉ ንዑስ ስሞች)? እነሱም አይጠፉም፣ ሬጂስትሪው (የሁሉም ስሞች መዝገብ) ላይ ስሙ በሃሽ (ወደ ኋላ በማይፈታ ኮድ) ስለሚቀመጥ ደግሞ ዝርዝራቸውን ከዛ ማንበብ አይቻልም፣ ስለዚህ ልጁን ቁጭ አርጋችሁ ምን ምን እንደፈጠረ ጠይቁት፣ ከዛ እያንዳንዱን በራሳችሁ ስም ደግማችሁ ፍጠሩት፣ ያልተራፐ (ኔም ራፐር በሚባለው ኮንትራክት ያልተጠቀለለ) ከሆነ የድሮውን ባለቤት ይተካዋል።

አፕ ላይ ስማችሁ ካልታየ ፕራይመሪ ኔሙን (ለዋሌታችሁ የሚታየውን ስም) እዩ፣ የስሙ አድራሻና ዋሌታችሁ ካልገጠሙ አይወጣም። አድራሻውን አስተካክላችሁ ፕራይመሪውን ከራሳችሁ ዋሌት አስገቡ፣ ከዛ በትንሽ ብር ሞክሩት።