ሀምቡርግ ላይ አውሎ ነፋስ ሲመጣ፦ አዲስ መጪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በብርዱ ወራት ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ነፋሱ እኮ ቆመ፣ አለፈ።» አላለፈም! በእግዚአብሔር ስም፣ ይህን ቃል ተዉት። ከተማዋ ከባሕሩ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የሀገሬ ልጆች ውሃው የሚደርስባቸው አይመስላቸውም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ አውሎ ነፋስ የሞላውን ውሃ በከተማዋ ወደሚያልፈው ኤልበ ወንዝ አፍ ይገፋዋል፤ ወንዙ እየጠበበ ሲሄድ ውሃው ከፍ ይላል። እኛ ጋ እስኪደርስም ሰዓታት ይወስዳል። በ2013 «ክሳቨር» የተባለው አውሎ ነፋስ የመታን ሐሙስ ዲሴምበር 5 ነበር፤ ሳንክት ፓውሊ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ያለው የውሃ መለኪያ 6.09 ሜትር ያሳየው ግን ዓርብ ማለዳ ነው። በፌብሩዋሪ 1962 በአንድ ሌሊት እዚህ ከተማ 315 ሰው የጨረሰው ሙላት እንኳ 5.70 ሜትር ነበር። በ2013 ያተረፈን ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርጎ የተሠራው ግድብ ነው። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ነፋሱን ሳይሆን ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት እዩ። «ኒና» የተባለውን የማስጠንቀቂያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

መኪና ወንዙ ዳር ባለው ዓሣ ገበያ አካባቢ ማቆም። ቦታው ከግድቡ ውጭ፣ በወንዙ በኩል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ ስደርስ ውሃው የበሩን እጀታ አልፎ ነበር፤ የፊት መብራቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ በራሱ ይበራል። ላወጣው ገባሁ። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ እግሬ ደነዘዘ፣ መሬቱን መርገጤንም አላውቀው አልኩ። አንዲት አሮጊት ከላይ ሆነው እየጮኹ ባይመልሱኝ ኖሮ አልወጣም ነበር። ሠላሳ ሳንቲሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ እየነዳችሁም አትግቡበት። ለመኪና ብላችሁ አትሙቱ።

ወንዙ ዳር ወርዶ ቪዲዮ መቅረጽ። አታድርጉት።

በዛፍ ሥር ማለፍ። የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ነፋሱ ካቆመ በኋላም ይወድቃል።

በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫና የአበባ ማሰሮ መተው። አስገቧቸው።

መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል። የቡና ፍቅራችሁን አውቃለሁ፣ የእኔም ነው። ግን የዚህ ሀገር መስኮት ሲዘጋ አየር አያሳልፍም፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ቤተሰብ በተኛበት ይገድላል።

ውሃ ወደገባበት ምድር ቤት መውረድ። ፓስፖርቱን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት ቀደም ብላችሁ ወደ ላይ አውጡ። ውሃው ከገባ በኋላ በሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ ጉልበተኛ ሰው እንኳ ገፍቶ አይከፍተውም።