ተማሪዎችንና መምህራንን በኮምፒውተር ለሚሰጥ የንባብና የሒሳብ ፈተና እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን የሙከራ ፈተና በኮምፒውተር የሰጠን ቀን፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የይለፍ ቃሏን ሰባት ጊዜ ጽፋ ሰባቱንም ጊዜ «ትክክል አይደለም» ተባለች። ኮዱ የታተመባትን ቁራጭ ወረቀት በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትጫናለች። የሚጻፈው በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ምን እንዳስገባች ማየት አትችልም። ጠጋ ብዬ ሳይ ወረቀቱ ላይ ያለው ዜሮ ነው፤ እርሷ የምትጫነው ደግሞ «ኦ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከ40 ደቂቃው 11ዱ በዚህ አለቀ። በሒሳብ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ናት፤ የዚያን ቀን ውጤቷ ግን ከመካከለኛ በታች ሆነ። እኛ የለካነው ሒሳብ አልነበረም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ነጥብ እንዲህ ውድ በሆነበት አገር፣ ተማሪ የሚያውቀውን ጥያቄ በመዳፊት ምክንያት ማጣት የለበትም። ስለዚህ ዝግጅቱ ከታች ክፍሎች ይጀምር። እኛ ከስህተታችን የተማርነው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ መምህራን ይፈተኑ

ለመምህራን ስለ ፈተናው ገለጻ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸው ተቀምጠው ይፈተኑ። ተማሪው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር፣ በተማሪው ኮድ፣ ሰዓት ተይዞባቸው። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን ነው። የአማርኛ መምህራችን ምንባቡን ሲያነቡ የገጹ የታችኛው ግማሽ መኖሩን ሳያዩ ወደ ጥያቄው አለፉ። እኔም «ቀጣይ» ብዬ ልጫን ስል «አስረክብ» የሚለውን ልጫን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማናችንም ተማሪውን «እንዴት ይህ ይጠፋሃል?» ብለን አልተቆጣንም።

ክፍሉን ማዘጋጀት

በከተማ ዳርቻ ባለ ትምህርት ቤት ኢንተርኔትም መብራትም ይቋረጣል። ለሙከራ ፈተና ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። ሙድል የተባለውን በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሌሎቹን በኔትወርክ ኬብል ከእርሱ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ያሏችሁን ዩፒኤሶች (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጡ ባለ ባትሪ መሣሪያዎች) በቅድሚያ ለዋናው ኮምፒውተርና ለኔትወርክ ማገናኛው ስጡ። ሙድል መልሶችን በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ፣ የተማሪው ኮምፒውተር ቢጠፋ እንኳ ሲበራ ከቆመበት መቀጠል ይችላል። ተማሪው ግን ይህን በዓይኑ ካላየ አያምንም። ስለዚህ በአንዱ ልምምድ መካከል ሆን ብላችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉት። ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ መልሳቸው ሳይጠፋ ሲያገኙት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይደነግጡም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ የፈተናው ሰዓት መቁጠሩን ሊቀጥል ስለሚችል፣ የባከነውን ጊዜ ማን እንደሚጨምርና እንዴት እንደሚጨምር አስቀድማችሁ ወስኑ።

እኛ ያሉን 24 ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በአንድ ክፍል የሚማሩት ደግሞ 58 ተማሪዎች ናቸው። ሦስት ዙር ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲወጣ በሩ ላይ ጥያቄ መወራቱ አይቀርም። በቂ ጥያቄ ያለው የጥያቄ ባንክ ካዘጋጃችሁ ለየዙሩ የተለያየ ጥያቄ መስጠት ትችላላችሁ።

ቁልፍ ሰሌዳ፣ መዳፊትና ሰዓት

አብዛኞቹ ልጆች የሚያውቁት የቤተሰብ ስልክ ነው። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ስክሪኑን በጣታቸው ይነካሉ። ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለመዳፊት ብቻ ስጡ፤ መጫን፣ ምርጫ መቀየር፣ ገጽ ወደ ታች ማውረድ፣ ጽሑፍ ማጉላት። ቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ ተቀይሮ ሲገኝ እንዴት ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመለስ እያንዳንዱ ልጅ በእጁ ይሞክር። ኮድ ስታዘጋጁ ደግሞ ዜሮንና «ኦ»ን፣ አንድንና «ኤል»ን ጨርሶ አታስገቡ።

ሰዓቱን አትርሱ። ፈተናው ከጠዋቱ 3:30 ሲጀምር ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ የሚያሳየው 9:30 ነው። አንድ ልጅ ይህን አይቶ ሰዓቱ ያለፈ መስሎት መልሶቹን በጥድፊያ ሞልቶ ወጥቷል። ማየት ያለባቸው የቀረውን ደቂቃ የሚቆጥረውን ሰዓት መሆኑን አሳዩአቸው።

ንባብ

ወረቀት ላይ ልጁ ያሰምራል፣ ይከብባል፣ በጣቱ ይከተላል። ስክሪን ላይ እነዚህ ሁሉ ይቀሩበታል። በምትካቸው ሁለት ልማዶችን እናስተምራለን። አንደኛ፣ ከማንበቡ በፊት እስከ ምንባቡ መጨረሻ ወርዶ ርዝመቱን አይቶ ይመለስ። ሁለተኛ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን አንቀጽ ቁጥርና አንድ ቃል ይጻፍ። ስለ ቡና በሚያወራ ምንባብ አንድ ተማሪ «1 ከፋ፣ 2 ለቀማ፣ 3 ገበያ» ብሎ ጽፎ ነበር። ስለ ዋጋ ሲጠየቅ ቀጥታ ሦስተኛው አንቀጽ ጋ ሄደ። ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን ማለማመድ ይችላል፤ ምንባቡን በፕላስቲክ ሸፍኖ መስጠትና ማስመር መከልከል ይበቃል። የአማርኛ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ በትክክል መታየቱን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ተስማሚ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ባዶ ሳጥን ይደረድራል።

ሒሳብ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጫችሁም። በስክሪን ፈተና ብዙ ነጥብ ሲጠፋ ያየሁት ስሌቱ ላይ ሳይሆን ግልበጣው ላይ ነው። ጥያቄው ስክሪን ላይ ነው፤ ሥራው ወረቀት ላይ። በመካከል ዓይን ከፍ ዝቅ ሲል ምልክት ይወድቃል። −2(ኤክስ − 5) = 16 የሚለውን እንውሰድ። መልሱ −3 ነው። የመጀመሪያዋን የመቀነስ ምልክት ሳይገለብጣት የቀረ ልጅ ግን 13 ያገኛል፤ 13ም ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መልሱን ምርጫው ውስጥ ስላገኘው አይጠራጠርም።

ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ መገልበጥ ብቻ ይለማመዱ፤ ማስላት የለም። ስክሪኑ ላይ ወይም ከሩቅ ሰሌዳ ላይ አምስት ጥያቄ ይታያል፣ ይገለብጣሉ፣ ደብተር ተለዋውጠው ይተራረማሉ። የጂኦሜትሪ ምስል ከሆነ ምስሉን ሥለው የተሰጡትን ቁጥሮች በሙሉ ካላሰፈሩ በስተቀር ስሌት አይጀምሩ። ወረቀቱ ላይ የጥያቄው ቁጥር ይጻፍ፤ ተመልሶ ለማረም የሚቻለው ያኔ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጡን በዓይናችን አየነው።

ጥያቄ ስታወጡ

ኮምፒውተሩ የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል የሚያቀያይር ከሆነ «ሀ እና ለ መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ አትጻፉ። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውም አንደኛ ቦታ ላይ ሊወጣ ይችላል። የድሮ ፈተና እንዳለ ገልብጦ ማስገባት የሚያስከትለው ይህን ነው።

ውጤቱን መመልከት

ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ፈተናው ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ የትኛውን ምርጫ ስንት ልጅ እንደመረጠ ይታያል። ነጥቡን ብቻ ለጥፋችሁ አትሂዱ። ከ0.5 እና ከ0.35 የቱ ይበልጣል ብለን ጠይቀን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 0.35ን መርጠው ነበር። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፤ 35 ከ5 ይበልጣል ብለው በራሳቸው መንገድ አስበው ነው። በማግስቱ ምዕራፉን ትተን አንድ ጥቅል ሲባጎና የሜትር መለኪያ ይዘን ገባን። በቡድን ሆነው 0.5 ሜትርና 0.35 ሜትር ለክተው ቆረጡ፤ ጎን ለጎንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ያቺ የይለፍ ቃሏ አልገባ ብሏት የነበረችው ልጅ ለቡድኗ 0.5ን 0.50 ብላ ጽፋ አሳየቻቸው።